አንድ ቤት እንዴት «ትርፍ» ይሆናል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አባቴ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ነበር። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከነበረችው ቤታችን ሌላ በስሙ ጎጆ እንኳ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. ጅማ ተዛውሮ ስለነበር ቤቷን አከራይቷት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አዋጁ ራሱ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይፈቅድ ነበር። የእኛዋ ግን «ተከራይ አለባት» ተብላ ትርፍ ተባለች። ኪራይዋ ከ100 ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ሄደች።

እናቴ ቁልፏን በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ትልቅ የብረት ቁልፍ ነው፣ ጥርሱ ዝጓል። አሁን እኔ ጋ ነው።

በ1987 አዋጅ ቁጥር 110 ሲወጣ አባቴ ተስፋው ለመለመ። ከሕግ ውጭ የተወሰደ ንብረት ይታያል ተባለ። የግብር ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ተመላለሰ። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ፋይሉ አልተገኘም። እንዲህ እንዳለ አረፈ። እኔም ቀጠልኩ፣ ያው ነው።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቷም አብራ ፈረሰች። ተከራዮቹ ምትክ ቤት አገኙ። እሰየው፣ እነሱ ምን አጠፉ! እኛን ግን ዞር ብሎ ያየን የለም።

የፈረሰ ቤት መልሱልኝ አልልም። ደረሰኞቹ ይታዩልኝና ካሳ ይገባኝ እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረኝ። እምቢም ከሆነ፣ እምቢ ብለው ይፈርሙበት።

የድሬሰሩ ልጅ፣ ከፒያሳ