ካሜራሽን ከማንሳትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከረድኤት ድርጅት ጋር ገጠር ልትወጪ መሆኑን ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። ፎቶ የማነሳው በብዛት ሕፃናትን ነው ስትዪኝ ግን ሐሳብ ገባኝ።

በ1977ቱ ድርቅ ኮረም ላይ ፎቶ የተነሱትን ልጆች አስቢ። ምስላቸው ዓለምን ዞረ። ብዙ እርዳታም አመጣ፤ ይህን አልክድም። ከሞት የተረፉት ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ልጆች ወልደዋል። ያ ፎቶ ግን አሁንም ይዞራል። የነዚያ ልጆች ልጆች ቢያዩትስ? የአውሮፓ ረድኤት ድርጅቶች በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሕጋችንም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለአደባባይ ሥነ ሥርዓትና ለመሳሰሉት በር ይከፍታል። ጤና ጣቢያ የተኛ ሕፃን ግን ጥምቀት ላይ እንደሚጨፍር ሰው አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያዢ።

ፊርማው ብቻ ግን እንዳያታልልሽ። ዱቄትና ዘይት ከጫነ መኪና የወረደች ልጅ "ላንሳው?" ብትል የትኛዋ እናት እምቢ ትላለች? ስለዚህ እርዳታው ታድሎ ካለቀ በኋላ ጠይቂ። እምቢ ብትል ምንም እንደማይቀርባት በቋንቋዋ ይነገራት። ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ደግሞ መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል ንገሪያት። ከዚያ ልጁን ራሱን ጠይቂው። እናቱ ቀሚስ ኋላ ከተሸጎጠ መልስ ሰጥቶሻል። እሷ "ና ውጣ!" ብላ ብትገፋውም ካሜራሽን አውርጂ።

የተደፈረች ልጅ ፊት በፍጹም እንዳታነሺ። ከጀርባ ብታነሻትም የዩኒፎርሟ ቀለም ወይም ከኋላዋ ያለው የትምህርት ቤት ታፔላ ያጋልጣታል። የስልክሽንም ሎኬሽን አጥፊው፤ አለበለዚያ ቦታው ፎቶው ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል።

ከረሜላ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ልጆቹን ለካሜራ መሰለፍ ያስተምራቸዋል። ይልቅ ፎቶዎቹን አሳጥበሽ ለእናቶቹ የምትልኪበትን መንገድ ሳትወጪ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሪ። የማሳጠቢያውን እኔ እችላለሁ።

እናትሽ