ስለ ሞምባሳው ጉዞ ለማኅበራችን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣ የቡናው ለቀማ ተጠናቆ እጃችን ከሥራ ሲያርፍ፣ በጥር ወር ከጅማ ተነስተን በአዲስ አበባ በኩል ወደ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ ለአምስት ቀናት እንድንጓዝ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። ጥር የተመረጠው በዚያ ጠረፍ ከባዱ ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን፣ ሳንጣደፍ፣ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 በኮራል ዓለት ላይ ለገነቡት ፎርት ጂሰስ ምሽግና ከጎኑ ላለው አሮጌው ከተማ እንድንሰጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ጠባብ መተላለፊያዎቹና በእጅ የተቀረጹት የእንጨት በሮች በእግር ካልሆነ በወጉ አይታዩም። ከተማዋ ደሴት ላይ በመሆኗ ወደ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ የምንሄደው ሰውና መኪና አብሮ በሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ነው፤ ወረፋው ስለሚረዝም ማለዳ እንነሳለን።

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን አረጋግጣችሁ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጸሐፊው ዘንድ እንድትመዘገቡ በአክብሮት እናሳስባለን።