ለደንበኞቻችን፦ የታሸገ ውሃ ለምን ከጠረጴዛው አነሳን? ሂሳቡስ ለምን አልቀነሰም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር ባዘጋጀነው ጉባኤ ላይ 300 ያህል ሰው በሻይ ዕረፍት ሰዓት ሁለት የውሃ መቅጃዎች ፊት ተሰልፎ ቆመ። ዕረፍቱ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ ሰልፉ ሳያልቅ ዕረፍቱ አለቀ። የክብር እንግዳው ንግግራቸውን አቋርጠው ውሃ ሲጠይቁ አስተናጋጃችን ብርጭቆ ፍለጋ ሲሮጥ አዳራሹ ሁሉ አይቶታል። ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት መቅጃ እንደማይበቃ ማስላት ነበረብን። የታሸገ ውሃ ማቅረብ ማቆማችንን አራት ቀን ሲቀረው መናገራችንም ትክክል አልነበረም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አናነሳውም። ለምን እንደማናነሳው ትንሽ ታገሱኝና ላስረዳ።

ይህን ሥራ ከእህቴ ጋር ስንጀምር ያለን ንብረት ስልሳ ወንበርና ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበር። ወንበር ደርዳሪውም እኔ፣ ጠራጊውም እኔ። የአንድን ዝግጅት እውነተኛ መልክ የሚያውቀው ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጠርገው ሰው ነው። አንድ ማታ ከትልቅ ስብሰባ በኋላ የውሃ ጠርሙስ ስንለቅም አብዛኛው ግማሹ እንኳ አልተጠጣም። ተሳታፊው ይከፍታል፣ ሁለቴ ይጎነጫል፣ ለሻይ ይወጣል። ሲመለስ የእሱ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ አዲስ ይከፍታል። እህቴ ውሃውን ወደ ባልዲ እየገለበጠች፣ እኔ ባልዲውን እየተሸከምኩ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ አጠጣን። ላስቲኩ ግን ለሰፈሩ ተረፈ። ቆሻሻ አንሺው እስኪመጣ ሦስት ቀን ቆየ፤ ነፋሱ በተነው፣ ዝናቡ ወደ ቦዩ ከተተው። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ እናት ወንበራችንን ልንጭን ስንመለስ፣ «ድግሱ የእናንተ፣ መልቀሙ የእኛ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳስከፋችሁ ነገር ልምጣ። «ጠርሙሱን ቀነሳችሁ፣ የስጦታ ቦርሳውን ቀነሳችሁ፣ ባነሩን ቀነሳችሁ፤ ሂሳቡ ግን ጨመረ» ብላችሁናል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ አባባል ሆዴን አባብቶታል፤ ባልዋልንበት የዋልን አስመስሎብናል። የታሸገ ውሃ ይገዛል፣ ይታደላል፣ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይደክምበትም። ብርጭቆ ግን ከባድ ነው፤ ሲጫን ነዳጅ ይበላል፣ በፍል ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቆጠራል፣ ይሰበራል። አጣቢዎቹን ከአዳራሹ አካባቢ ነዋሪዎች ነው የምንቀጥረው፤ የዕለቱን ሂሳባቸውንም በዕለቱ እንሰጣለን። በፊት ለጠርሙስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ አሁን ለሰው ይከፈላል። በዚያ ላይ የነዳጁም፣ የመጋዘን ኪራዩም መናር አለ፤ ይህንን እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

«ታዲያ የሚበሰብሰውን ኩባያ ለምን አታቀርቡም?» ላላችሁን፦ ሞክረነው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብን። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ይህ ኩባያ በደንብ የሚበሰብሰው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚደርስ የብስባሽ ማዘጋጃ ጣቢያ ነው። ተራ የቆሻሻ ክምር ላይ ሲጣል እንደማንኛውም ላስቲክ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መልሶ የሚጠቀመውን ሰው ሥራ ያበላሻል። ሦስት ካርቶን አሁንም መጋዘናችን ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ገንዘቤ ነው።

ባነሩን በተመለከተ፣ ፒቪሲ ከሚባለው ላስቲክ የሚሠራ ባነር መልሶ ለመጠቀም አስቸጋሪ ነው። ዓመተ ምሕረት ከታተመበት ደግሞ ዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው። አሁን በጨርቅ እናትማለን፤ ቀኑና የጉባኤው ተራ ቁጥር ለብቻው ተቆርጦ ይለጠፋል። አንድ ደንበኛችን «12ኛው» የሚለው ቁራጭ በፎቶው ላይ ወደ ግራ ዘመም ብሏል ብለው ተቆጥተዋል። ዘሟል፤ አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ በክር ይሰፋል።

ምግቡን በሚመለከት የሚመጣውን ሰው ቁጥር ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ እንድታረጋግጡልን ስንጠይቅ ጨቅጫቆች መስለናችሁ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ስሌት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህ ውስጥ 290 ሚሊዮን ቶኑ የእኛን ዓይነት መስተንግዶ ከሚሰጡ ቤቶች ነው። ሳይነካ ማድቤት የቀረውን፣ ትኩሱ ሳይበርድ ለተቸገሩ ወገኖች እንልካለን። ቡፌ ላይ ተከፍቶ የዋለውን ግን አንልክም። ይህን ስስት ያላችሁ አላችሁ፤ እኛ ራሳችን የማንበላውን ለሰው ማብላት ስለማንፈልግ ነው።

አንድ የቆዩ ደንበኛችን ደግሞ፣ «እንግዳው ሁሉ በአውሮፕላን መጥቶ እናንተ ጠርሙስ ትቆጥራላችሁ?» አሉኝ። አልከራከርም። ከሩቅ ሰው በሚጠራበት ጉባኤ ትልቁ ብክለት ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ነው የሚመጣው፤ የሁሉም ጠርሙስ ተደምሮ አጠገቡ አይደርስም። ለዚህም ነው የተናጋሪዎቻችሁን ግማሽ በቪዲዮ እናስገባ፣ አዳራሹም ሕዝብ ማመላለሻ የሚደርስበት ይሁን እያልን የምንወተውተው። ትኬቱን የምትቆርጡት ግን እናንተ ናችሁ። በእኛ እጅ ያለው ጠረጴዛው፣ ማድቤቱና ጄኔሬተሩ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ መብራት ባለበት አዳራሽ ጄኔሬተሩን «ለማንኛውም» እያልን ቀኑን ሙሉ ማስጮህ ትተናል። ጎረቤትም አረፈ።

ይህ ሁሉ የእኔ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለእንዲህ ያለ ዝግጅት አይኤስኦ 20121 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ሰሞን ነው። ሠርተፊኬቱ የለንም፤ ወጪው ለእኛ ዓይነት ትንሽ ቤት የሚቀመስ አይደለም። ሰነዱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን እኛም እንጠይቃለን፦ እንግዳው ሲሄድ ለአካባቢው ምን ይቀራል?

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለሃምሳ ሰው አንድ መቅጃ ይኖራል። መድረኩ ላይ ጆግና ብርጭቆ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ዝርዝሩም ውሉ ላይ ይጻፋል። በጤና ምክንያት የታሸገ ውሃ የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ ንገሩን፣ እናዘጋጃለን። ከሦስት ዓመት በላይ አብራችሁን ለሠራችሁ የቀድሞው ዋጋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይጸናል፤ ብዙም አያዋጣንም፣ ግን ትታችሁን ከምትሄዱ ይሻለናል። ሁለት የቆዩ ደንበኞቻችን ሄደዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመኑን እነሱ ነበሩና ልቀየማቸው እንኳ አልቻልኩም፤ ይህ ደብዳቤ ከደረሳቸው ስልካችን ያው የድሮው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ባለፈው ጉባኤ ካደልነው 300 የስም መለያ ማንጠልጠያ ወደ እኛ የተመለሰው 180 ነው። መሳቢያችሁ ውስጥ ወይም መኪናችሁ መስታወት ላይ ካገኛችሁት ለልጆቻችን ስጡልን። ታጥቦ ሌላ ስም ይገባበታል።

በአክብሮት፣
የድርጅቱ ባለቤት