የሲያትልን የመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ማን ተከለው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሲያትል አመሠራረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን «ቄስ ዴቪድ ብሌን ተከለው» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችኋል። ሐሰት አይደለም። ግን ጎድሏል።

ብሌን የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ከኒውዮርክ ተነስቶ፣ በፓናማ በኩል ዞሮ ሲያትል አጠገብ አልካይ ዳርቻ ሲደርስ ሙሽራው ካትሪን አብራው ነበረች። ያኔ ሲያትል ማለት አንድ የእንጨት መሰንጠቂያና ጥቂት ቤቶች ናት። በ1855 ሴኮንድ አቬኑና ኮሎምቢያ ጥግ የቆመችው የጸሎት ቤታቸው «ትንሿ ነጭ ቤተ ክርስቲያን» ተባለች።

ካትሪንስ? ገና በ18 ዓመቷ፣ በ1848 በኒውዮርክ ሴኔካ ፎልስ ላይ የሴቶችን እኩልነት የጠየቀውን መግለጫ ፈርማለች። ሲያትል በገባች በጥቂት ወራት የከተማዋ የመጀመሪያ አስተማሪ ሆነች። በጥር 1856 የአገሬው ተዋጊዎች ከተማዋን ሲወጉ አራስ ነበረች። ከነሕፃኗ ወደብ ላይ ወደቆመው ዲካተር የተባለ የጦር መርከብ ወሰዷት። በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ ወደ ኦሪገን ሄዱ። መሥራች የምንለው ሰው ያኔ እዚህ የቆየው ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም! ከዓመታት በኋላ ሁለቱም ተመለሱ፤ እሷም የዋሽንግተን ግዛት በ1883 ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሰጠ በኋላ ከተመዘገቡት አንዷ ሆናለች።

ታዲያ ቅድስት ላድርጋት እያልኩ አይደለም። ያኔ ለዘመዶቻቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች ታትመዋል። ሁለቱም ስለ አገሬው ሕዝብ የጻፉት በንቀት የተሞላ ነው፤ ማንበቡ ራሱ ያሳፍራል። ለሴቶች እኩልነት የፈረመ እጅ ነው እንዲህ የጻፈው። ቤተ ክርስቲያኗ በቆመችበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የዱዋሚሾች አለቃ ሲያትል፣ መሬታቸውን ያሳጣቸውን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተደረገውን የፖይንት ኤሊዮት ውል ፈርመዋል። ከተማዋ በስማቸው ትጠራለች። ዱዋሚሾች ግን የፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ይስጠን እያሉ ዛሬም ይሟገታሉ። በጽሑፋችሁ ይህ አንድ ቃል አልተነካም።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። እዚህ አገር አብያተ ክርስቲያኖቻችን ብዙዎቹ የተጀመሩት በሰው አዳራሽ፣ በኪራይ ነው። የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲታተም ግን የአስተዳዳሪው ፎቶ ሙሉ ገጽ ይይዛል። ጠበል ጸዲቁን ያዘጋጁት፣ ከፈረቃ ሥራ ወጥተው ለኪራዩ ያዋጡት እናቶች «ሌሎች ምእመናን» ተብለው ይታለፋሉ። ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። እባካችሁ ዓምድ ክፈቱና እነሱን አነጋግሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል