ሰማንያ ሳይቀደድ ተለያይቶ መኖርም ውል ይፈልጋል

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ተወልጄ ባደግሁበት በመንዝ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት መግባቷ፣ ባልም ሽማግሌ መላኩ የኖረ ልማድ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አስታርቆ መመለስን፣ ካልሆነም ሰማንያ አስቀድዶ ንብረት ማካፈልን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ የሚነግራቸው አጥተው የተጎዱ ቤተሰቦችን ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት አብረው የመኖር ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጎ፣ ሁለቱ ከተስማሙ ግን ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል፤ አንዳቸው ከስምምነቱ መውጣት ቢፈልጉም፣ ፍላጎቱ ከምክንያት የራቀ እስካልሆነ ድረስ፣ በማንኛውም ጊዜ ሊያነሡት ይችላሉ። ይህ፣ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤት ከሚሰጠው ከሦስት ወር ካልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ጋር መምታታት የለበትም። ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን ሁሉ ጋብቻው ጸንቶ ይቆያል፤ የመደጋገፍና የመተማመን ግዴታው አይቀርም፤ ሌላ ማግባት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከሥራ የሚገኘው ገቢም በመርሕ ደረጃ የጋራ ነው።

ታላቅ እህቴ በቁርባን ያገባች በመሆኗ ፍቺን በጭራሽ አልፈለገችም። ሕፃን ልጇን አዝላ፣ አንድ ባና ብቻ ይዛ አባታችን ቤት ከገባች በኋላ ስምንት ዓመት ሲያልፍ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስሟ ከባሏ ስም ጎን በይዞታ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ የገብሱ ምርት በየዓመቱ ከአውድማው ወደ እሱ ጎተራ ይገባ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲቀመጥ ባልየው፣ ስትሄድ የነበሩት በጎች ስድስት ብቻ እንደሆኑና የቀሩትን በራሱ ድካም እንዳረባቸው ተናገረ። እህቴ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቦቃዋን በግ ግልገሎች በጣቷ እየቆጠረች ብታስረዳም፣ የሚመሰክርላት ወረቀት ስላልነበረ ሰሚ አላገኘችም። እኔም በቦታው ነበርሁ፤ የምለው ቃል አጣሁ።

ከዚህም የከፋ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ተጋቢዎች ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ኖረው ሌላ ትዳር በመሠረቱባቸው ጉዳዮች፣ ያለ ፍቺ ውሳኔም ጋብቻው በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያለ ውል ተለያይቶ የሚኖር ሰው፣ ትዳሬ አለ ብሎ ሲጠብቅ፣ ትዳሩ መቼ እንደፈረሰና የቱ ንብረት የጋራ እንደነበር በሌሎች ሰዎች ምስክርነት ሊወሰንበት ይችላል።

ሽማግሌዎቻችን እርቁ ባይሳካላቸው እንኳ፣ ሁለቱን ከመሸኘታቸው በፊት መለያየቱ የተጀመረበትን ቀን፣ ልጅ ከማን ጋር እንደሚኖርና ቀለቡ በገንዘብ ወይም በእህል ስንት እንደሆነ፣ ከእርሻው ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰውን ድርሻ፣ የከብቱንና የበጉን ቁጥር፣ ያለውንም ዕዳ አስጽፈው በምስክሮች ፊት ቢያስፈርሙ እለምናለሁ። ስለ እህሉ በተለይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ገበሬ ቤት ጥል የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ነውና። በክልላችን የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ስለሆነ፣ ከመፈረም በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። የንስሐ አባቶችም ፍቺን ለሚፈሩ ልጆቻቸው ይህን መንገድ ቢጠቁሙ ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ድብደባ ባለበት ቤት ግን ውል ብቻውን አይበቃምና፣ አስቀድሞ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለውን ስምምነት ናሙና በቀላል አማርኛ አዘጋጅቶ ቢያትምልን፣ ቆርጬ ለአካባቢያችን ሽማግሌዎች በእጄ አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን