ለልጄ ለማህሌት፦ ስለዚያ የመንኮራኩር በር

ደብረ ብርሃን

ውድ ልጄ ማህሌት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋኑ ለቋታል፤ ወንድምሽም ፈተናውን ጨርሶ ከኳስ ሜዳ አልመለስ ብሏል።

እሑድ ስትደውዪ፣ ስላየሽው የጠፈር መንኮራኩር ቪዲዮ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ቆረጠብን። «አባዬ፣ መንኮራኩሩ መሬት ላይ ታሽጎ ነው የወጣው፤ ውስጡ ሰው የለም። ታዲያ በሩን ከፍቶ የገባው ሰውዬ ማስክና መነጽር ምን ያደርግለታል?» ነበር ያልሽው። በስልክ ቶሎ ቶሎ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ ሳገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ነው የሚውለው። ከገዛ ልጄ ሲመጣማ እንዴት እንደሆንኩ አንቺው ገምቺው።

ያየሽው ቪዲዮ ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም. የተቀረጸ ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 መሆኑ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡53 ላይ አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዶን ፔቲት የድራጎንን በር ከፈተ። ድራጎን ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ የግል ኩባንያ የጭነት መንኮራኩር ነው። ከዚያ በፊት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጭነት ያደርሱ የነበሩት የመንግሥታት መንኮራኩሮች ብቻ ነበሩ፤ የሩሲያ፣ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የጃፓን። የግል ኩባንያ መንኮራኩር እዚያ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ግንቦት 11 ቀን ሮኬቱ ሊነሳ ሲል፣ ሞተሮቹ ሁሉ ተቀጣጥለው ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ ከዘጠኙ በአንደኛው ውስጥ ከልክ ያለፈ ግፊት አይቶ በመጨረሻዋ ግማሽ ሴኮንድ ሁሉንም አጠፋቸው። ችግሩ አንድ ቫልቭ ነበር። ቀይረውት ግንቦት 14 ቀን መጠቀ። ወደ ጣቢያው ሲጠጋ ደግሞ ርቀት የሚለካው የሌዘር መሣሪያ ኪቦ ከተባለው የጃፓን ላቦራቶሪ በሚያንጸባርቅ ብርሃን ተሳሳተ። መንኮራኩሩ ወደኋላ እንዲያፈገፍግ ተደረገ፤ መሐንዲሶቹ የመሣሪያውን የእይታ ስፋት አጥብበው እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ፔቲት 17 ሜትር ተኩል በሚሆነው የጣቢያው የሮቦት ክንድ ያዘው። ሆላንዳዊው አንድሬ ኮይፐርስ ወስዶ ሃርመኒ በሚባለው ክፍል ላይ ገጠመው፤ 16 ብሎኖችም አጥብቀው አሰሩት።

ጋዜጦቹ ያኔ የጻፉት ስለ መምጠቁና ስለ መያዙ ነው። እኔ ግን የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከተያዘ እስኪከፈት 20 ሰዓት ያህል አለፈ። እስቲ አስቢው፤ ዓለም በሙሉ እያያቸው፣ የጓጉለት ዕቃ ከበሩ ማዶ ተቀምጦ፣ ሰዎቹ ሄደው ተኙ! ያልተጣራ ነገር ስለነበረ ነው። በመንኮራኩሩ በርና በጣቢያው በር መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፤ መንኮራኩሩ ሲገጠም እዚያ ውስጥ አየር የለም። መጀመሪያ አየር ይሞላል፤ ከዚያ ግፊቱ ይቀንስ አይቀንስ እየተባለ ይጠበቃል። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ልክ መሆኑ ሲታወቅ ነው የጣቢያው በር ተከፍቶ የኤሌክትሪክና የመረጃ ገመዶቹ የሚቀጠሉት።

ይህን ያህል የሚጠነቀቁት ለምን እንደሆነ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። የበሩ አንድ ጎን 1 ሜትር ከ27 ሳንቲም ያህል ነው። የአየር ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል እንደሚጫን ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ ነግሬሻለሁ። በአንዱ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ቫክዩም (አየር የሌለበት ባዶ) ቢሆን በሩ ላይ ከ15 ቶን በላይ ይጫናል፤ የሦስት አይሱዙ ጭነት በይው። ስለዚህ በሩ ከመነካቱ በፊት የሁለቱ ወገን ግፊት እኩል መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማስኩ ልምጣ። መንኮራኩር ሲሠራ ይበሳል፣ ይቆረጣል፣ ብሎን ይታሰራል። የቱንም ያህል ቢጸዳ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ፣ አንዲት የፕላስቲክ ብናኝ ከአንድ ፓነል ጀርባ ትቀራለች። መሬት ላይ ወለሉ ላይ ወድቃ ትቀመጣለች፤ ማንንም አትጎዳም። ጣቢያው ግን ከነውስጡ ያለው ነገር ሁሉ መሬትን እየዞረ በነጻ ውድቀት ላይ ነው። (እዚያ ስበት የለም እንዳትዪኝ! በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የስበቱ ጉልበት መሬት ላይ ካለው ወደ 90 በመቶ ይጠጋል።) ስለዚህ ፍቅፋቂዋ ከተደበቀችበት ወጥታ በዓይን ቁመት ትንሳፈፋለች። ዓይን ውስጥ ብትገባ ወይም ወደ ሳንባ ብትሳብ የቅርቡ ሆስፒታል 400 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ነው። ለዚህ ነው ፔቲትና የጣቢያው አዛዥ ሩሲያዊው ኦሌግ ኮኖኔንኮ ተሸፋፍነው የገቡት። ለድራጎን ብቻም አይደለም፤ አዲስ ለደረሰ መንኮራኩር ሁሉ እንዲሁ ይደረጋል። ፔቲት ተመልክቶ የሚንሳፈፍ ነገር እንደሌለ ለመሬት ተናገረ፤ ሽታው እንደ አዲስ መኪና ነው ሲልም ጨመረ። የሁለቱ አየር እስኪቀላቀል ድረስ ግን መከላከያቸውን አላወለቁም።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ፈተና ላይም ይጠቅምሻል። እኛ ቤት ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛው ስለሚከብድ ነው። እዚያ ክብደት ስለማይሰማ አየር በራሱ አይገላበጥም። ማራገቢያ በሌለበት ጥግ የሚሠራ ሰው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እፊቱ ላይ ይጠራቀምና ራስ ምታት ይለቅበታል። ስለዚህ አዲስ ክፍል ሲከፈት አየር ማዘዋወር ዕቃ ከማውረድ ይቀድማል።

ዕቃው 460 ኪሎ ያህል ነበር። አብዛኛው ምግብና ልብስ ነው፤ ተማሪዎች የነደፏቸው ትናንሽ ሙከራዎችም ነበሩበት። የሙከራ በረራ ስለሆነ፣ ቢጠፋ ጣቢያውን የሚጎዳ ነገር አልጫኑበትም። እኔ ከመጣው ይልቅ ተመላሹን ነው ትልቅ የምለው። ሹትል የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር በ2011 በፈረንጆቹ ከቆመ ወዲህ፣ ከጣቢያው ዕቃ ወደ መሬት የሚመለሰው ሶዩዝ በተባለው የሩሲያ የሰው ማመላለሻ መንኮራኩር ጠባብ ቦታ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የጭነት መንኮራኩሮች ቆሻሻ ተሞልተው ሲመለሱ አየር ላይ ተቃጥለው ያልቃሉ። ድራጎን ግን ግንቦት 23 ቀን ከ600 ኪሎ በላይ ይዞ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በፓራሹት አረፈ። ለተመራማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢ፤ ወራት የደከመበትን ናሙና በእጁ ይዞ ማየት ቻለ።

ስለ ፔቲት ይህንንም ልንገርሽ። ትምህርቱ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ አንቺ ልትመርጪው ከምታስቢያቸው አንዱ። በ69 ዓመቱ እንደገና ወደ ጣቢያው ወጣና ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ካዛክስታን ላይ አረፈ። ያ ቀን ሰባኛ ዓመት ልደቱ ነበር፤ ለእኛ ደግሞ የፋሲካ ዕለት። እኛ ዶሮ ወጡ ዙሪያ በተቀመጥንበት ጠዋት ሰውየው ገና ከመንኮራኩር መውጣቱ ነበር። እናትሽ ይህን ስነግራት «ይኼ ሰውዬ ጡረታ የሚባል አያውቅም?» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። በመንኮራኩሩና በጣቢያው መካከል የግፊት ልዩነቱ ከሙሉው የአየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው እንበል። በሩ ላይ ስንት ኪሎ ይጫናል? አንቺስ በክንድሽ ስበሽ ትከፍቺዋለሽ? የአሠራሩን ደረጃ ሁሉ ጽፈሽ በቴሌግራም ፎቶውን ላኪልኝ። መልሱን ብቻ ከላክሽ አልቀበልም።

እናትሽ በርበሬውን በሚመጣው ሳምንት ሰው ስለሚመጣ እልካለሁ ብላለች።

አባትሽ