የሰው አገር ጋዜጣ ሲነበብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሰው አገር ጋዜጣ ማንበብ እንዴት ደስ እንደሚል ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ብዬ ነው። ድሮ አንድ እትም ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ አለ።

እኔ ዋና ዜናውን ቶሎ አልፈዋለሁ። እሱንማ ሬዲዮም ይነግረናል። የምወደው የውስጥ ገጾቹን ነው። የኬንያውን ዴይሊ ኔሽን የሐዘን ማስታወቂያ እዩት። ከሟቹ ፎቶ ሥር ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ በስም ይዘረዘራሉ። ናይሮቢ የኖረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበረው በትውልድ መንደሩ፣ በቤተሰቡ ይዞታ ላይ ነው። ስለ ኬንያ ቤተሰብ ይህ ገጽ ያስተማረኝን ያህል የትኛውም የፖለቲካ ትንታኔ አላስተማረኝም።

የህንድ ጋዜጦች ደግሞ እሁድ እሁድ የትዳር ማስታወቂያ ያወጣሉ። ወላጆች ለልጃቸው አጋር ሲፈልጉ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ቁመቱን ሳይቀር ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1821 ማንቸስተር ላይ የተመሠረተው ጋርዲያን የራሱን ስህተት የሚያርምበት ቋሚ ዓምድ አለው። የተሳሳተ ስም እንኳ ይታረማል። ይሄ በጣም ያስቀናኛል።

ስለ አባይ የካይሮው አል-አህራም የሚጽፈውን በእንግሊዝኛ ገጹ አነባለሁ። አንዳንዴ ያበሳጫል፤ ግን ጎረቤታችን ምን እንደሚያስብ ከራሱ አፍ መስማት ይሻላል።

እባካችሁ በሳምንት አንድ ገጽ ለዚህ ስጡልን። የመሪዎቹን ጉብኝት ሳይሆን የሕዝቡን ኑሮ ተርጉሙልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ